የራስን ገድል በሰው ስም

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ከርሜ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ከጎኔ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ እኮ ውክፔዲያ ላይ ምንም የለም። እርስዎ ይጻፉልኝና እኔ በራሴ ስም አስገባዋለሁ» አለኝ። ሳቅሁበት። ዳሩ ግን ያን ዕለት ማታ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲተኛ፣ ወረቀትና ብዕር አውጥቼ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ።

ጠዋት ሳነበው አፈርሁ። ያሳተምኋት አንዲት ቀጭን የግጥም መጽሐፍ «ከፍተኛ ተቀባይነት ያገኘች» ሆናለች። ከዓመታት በፊት በአንድ ጀማሪ ገጣሚ ላይ የጻፍሁት፣ ኋላም ፍርደ ገምድል መሆኑን ራሴ ያወቅሁት ሒስ ግን በአንድ ቃል እንኳ አልተነሣም። ውሸት ግን አልጻፍሁም። መጽሐፏን የወደዱ አንባቢዎች በእርግጥ ነበሩ። የሠራሁት ነገር ሌላ ነው፤ «እኔ» የሚለውን ቃል አውጥቼ በቦታው «እሱ» የሚለውን ተካሁ። በዚህ ብቻ የራሴ ምስጋና የሕዝብ ምስክርነት መስሎ ቁጭ አለ።

ፈረንጆቹ የጥቅም ግጭት የሚሉት ይህንን ነው። ውክፔዲያ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርምበት መዝገበ ዕውቀት ነው። ጽሑፉ ግርጌ የጸሐፊ ስም አይቀመጥም፤ ስለዚህ አንባቢ የሚያነበውን የአንድ ሰው ቃል አድርጎ ሳይሆን ሁሉም የሚያውቀው ነገር አድርጎ ይቀበለዋል። ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዘመዱ ወይም ስለ ቀጣሪው እንዳይጽፍ አጥብቀው የሚመክሩትም ለዚህ ነው። ስሕተት ያየ ባለጉዳይ ማንነቱን ገልጦ በውይይት ገጹ ላይ ማስረጃውን ያቀርባል፤ ጉዳዩ የማይነካው ሌላ ሰው አይቶ ያርማል። ገንዘብ ተከፍሎት የሚጽፍም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፋዩን የመናገር ግዴታ አለበት።

ፈተናው የኔ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ከመሥራቹ መጀመር ይቻላል። ጂሚ ዌልስ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ስለ ራሱ የተጻፈውን ገጽ ደጋግሞ ሲያርም ተገኘ። ከነካካቸው ነገሮች አንዱ፣ ላሪ ሳንገር የተባለው ባልደረባው አብሮ መሥራች ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነበር። እያንዳንዱ እርማት ከነሰዓቱ ስለሚመዘገብ መደበቅ አልቻለም፤ ማድረግ እንዳልነበረበትም አመነ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ሲያይ እጁን መሰብሰብ አቃተው።

የአሜሪካዊው ደራሲ የፊሊፕ ሮዝ ነገር ደግሞ የከበደ ነው። ውክፔዲያ የአንዱን ልቦለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ አናቶል ብሮያርድ ከተባለ ሰው ሕይወት ጋር አያይዞት ነበር። ሮዝ ሐሰት ነው፣ መነሻዬ ሌላ ወዳጄ ነው ቢል፣ ተጨማሪ ምንጭ አምጣ ተባለ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ታዋቂ መጽሔት ስሙን አስፍሮ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቃሉም ከሐያስያኑ አስተያየት ጎን ገባለት። ብዙ ሰው በዚህ ስቋል። ደራሲው ካላወቀ ማን ያውቃል? እኔ ግን ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። የሮዝ ቃል ዋጋ ያገኘው የሮዝ ቃል ተብሎ ሲቀርብ ነው። ስም አልባ በሆነው ገጽ ውስጥ ሾልኮ ቢገባ ኖሮ ማን ይመዝነው ነበር?

ለእኛ ለጎጃሞች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን እንውሰድ። በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ በዘመቻ ተማርከው የመጡ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ፣ ሠዓሊም ጸሐፊም የሆኑ ሊቅ ናቸው። የጎጃምን ታሪክና ትውልድ ጻፉ፤ ሥራቸውም ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ ለኅትመት በቅቷል። የንጉሡን እንጀራ የበላ ሰው ስለ ንጉሡ ሲጽፍ፣ ይልቁንም ንጉሡ በ1874 ዓ.ም. በእንባቦ ተሸንፈው ስለተማረኩበት ቀን ሲጽፍ፣ እጁ ነጻ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ማን እንደ ጻፈው፣ በማን ቤት እንዳደገ እናውቃለን። ስለዚህ እየመዘንን እናነበዋለን፤ እየመዘንንም እናከብረዋለን።

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ከዚህ አንድ እርምጃ ይሻገራል። በ1985 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ደራሲው በጣልያን ወረራ ጊዜ ያዩትንና በምርኮ ያሳለፉትን ይተርካል። ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ከልዑሉ ጋር ተማርከው ጣልያን አገር ተግዘዋል። ራስ እምሩም በበኩላቸው «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለ መጽሐፍ ትተዋል። እነዚህን ሁለት ርእሶች አንባቢ ልብ ይበል። አንዱ ትዝታ ነው ይላል፤ ሌላው ካየሁትና ከማስታውሰው አላልፍም ይላል። ሁለቱም ገና ከሽፋኑ ላይ ወሰናቸውን ተናግረዋል። ደግሞም አንድን ዘመቻ ሁለት ሰዎች በየስማቸው ስለጻፉት ምስክርን ከምስክር ማስተያየት ይቻላል።

ከእነዚህ ጎን በ1965 ዓ.ም. የታተመውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ሳስቀምጠው ልዩነቱ ይታየኛል። እዚህ የአንድ ሰው ሕይወትና የአንድ አገር እርምጃ በአንዲት «ና» ተሣሥረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ራሳቸው መጻፋቸው መብታቸው ነበር፤ ለታሪክም ጠቅሟል። ግን የሰውየው ቃል የት አልቆ የአገሩ ታሪክ የት እንደሚጀምር ርእሱ ራሱ ያደበዝዘዋል። እኔም በዚያ ሌሊት ያደረግሁት፣ በትንሿ ዓለሜ፣ ይህንኑ ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የእህቴ ልጅም ወዲያው አነሣው፤ «ታዲያ እናንተ ካልጻፋችሁ ስለ እናንተ ማን ይጽፋል?» እውነቱን ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሊቅ አንድ መስመር ሳይጻፍለት አፈር ገብቷል። ስሕተቱም የትየለሌ ነው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የተወለደን ሰው፣ ስምንት ዓመት ደምሮ በ1910 ተወለደ የሚል ጸሐፊ አይጠፋም፤ በፈረንጅ ግን 1909 ነው። ይህን ባለቤቱ ቢያርም ማን ይጎዳል?

ማንም አይጎዳም። የልደት ዘመኑን ባረመበት እጅ ግን «ታዋቂ» የሚለውን ቃል ይጨምራል፤ ቀጥሎ የማይወደውን አንቀጽ ይፍቃል። መቼ እንደተሻገረ ራሱም አያውቀውም። ዶክተር ሐዲስ ባለፉባቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ ጉባኤ ቤቶች አንድ የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ራሱ አጽድቆ አይተኛም፤ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል። ተማሪው ስለማይታመን አይደለም፤ የራስን ስሕተት የራስ ጆሮ ስለማይሰማው ነው። የዘመድም ጆሮ እንዲሁ ነው። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ልጻፍ ብል እንኳ፣ የወንዜ ልጅ ናቸውና እጄ ማድላቱ አይቀርም።

መድኃኒቱ ዝምታ አይደለም፤ ፊርማ ነው። ያየነውን በየስማችን እንጻፍ፤ በመጽሐፍም በመጽሔትም ይውጣ። መዝገቡን የሚያዘጋጅ ሌላ ሰው ከዚያ ይቅዳ፤ የተቹንንም ያክል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው ብዙ ዓይን ሲያየው ነው።

ሁለቱን ገጽ ለልጁ አልሰጠሁትም። በምትኩ መጽሐፌንና ስለ እርሷ የተጻፉ ሦስት ሒሶችን ሰጠሁት፤ አንደኛው ክፉኛ ይነቅፈኛል። ያንን የተሳሳተ ሒሴንም ጨመርሁበት። «አንተ ግን የእህቴ ልጅ ነህና አትጻፈው፤ ለማያውቀኝ ሰው ስጠው» አልሁት። ቅር አለው። ያ የማያውቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልጻፈም፤ ምናልባትም አይጽፍ ይሆናል። ይህን መቀበል ከብዶኛል፤ ግን ያ የሌሊት ጽሑፌ በሰው ስም ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የበለጠ ይከብደኝ ነበር።