«የፈላ ውሃ አፍሱበት» የሚለው ምክር ምን ይጎድለዋል?

የመኖ ዛፍ ስለመትከል የሚያስረዱ አጫጭር ጽሑፎችን ወይም ቪዲዮዎችን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ዘር አዘገጃጀት ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ዝሩት። ምክሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ ለአንዳንድ ዘሮች በደንብ ይሠራል። ችግሩ ለምን እንደሚሠራ አለመናገሩ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ምክሩ የት ላይ እንደማይሠራ ሊያውቅ አይችልም።

እስቲ ከዘሩ እንጀምር። የሉኪኒያ ዘር ቡናማ፣ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ነው። በሽፋኑ ውስጥ እንደ አጥር ተጠጋግተው የቆሙ ሕዋሳት አሉ፤ ከላያቸው ደግሞ ሰም መሰል ልባስ አለ። ሁለቱ ተባብረው ውሃ አያስገቡም። ውስጥ ያለው ጽንስ በሕይወት አለ፤ ውሃ እስኪደርሰው ግን ተኝቶ ይጠብቃል። ይሄ ለዱር ተክል ኢንሹራንስ ነው። ዝናቡ ጀምሮ ቢቋረጥ ሁሉም ዘር አንድ ላይ በቅሎ አንድ ላይ አይደርቅም። ገበሬው ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዲበቅልለት።

ታዲያ ሙቅ ውሃ ምን ያደርጋል? ሽፋኑን አይቀቅለውም። በዘሩ እምብርት አጠገብ አንዲት ደካማ ነጥብ አለች፤ ድንገተኛ ሙቀት እሷን ይሰነጥቃታል፣ ውሃም በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ማሞቅ ይበቃል። ሲበዛ ሙቀቱ ጽንሱ ጋ ደርሶ ይገድለዋል።

አሁን ወደ ምክሩ እንመለስ። መጀመሪያ «የፈላ» ሲባል ምን ያህል የሞቀ ነው? አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ቆላ ስትወርዱ ወደ 100 ይጠጋል። ለሉኪኒያ በብዛት የሚመከረው ደግሞ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ብዙ ዘር ላይ ሲፈስ ወዲያው ይበርዳል፤ ድስት ሙሉ ውሃ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አንድ ቃል፣ ብዙ ዓይነት ሙቀት።

ሁለተኛ፣ የትኛው ዘር? ላብላብና ካውፒ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ዝግጅት አያስፈልጋቸውም፤ የፈላ ውሃ ይጎዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። የአንድ ተክል ዘር እንኳ እንደ አሰባሰቡ ይለያያል። በማሽን የተወቃ ዘር ሽፋኑ ቀድሞ ስለሚቧጨር፣ በእጅ ከተለቀመው ቀሎ ውሃ ያስገባል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጉድለት፣ ምክሩ ውጤቱን የምናረጋግጥበትን መንገድ አይነግረንም። መሬቱ ባዶ ሲቀር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተከስተው ሊሆን ይችላል። ዘሩ እንደ ጠጠር ደርቆ ቀርቷል፤ ማለትም ዝግጅቱ አንሶታል። ወይም ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ በስብሷል፤ ማለትም ሙቀቱ በዝቶበታል፣ አለዚያም ቀድሞ የሞተ ነበር። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ተቃራኒ ነው። ገበሬው ይሄን ካላወቀ «ይሄ ዛፍ ለእኛ አገር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። የክረምቱ ዝናብም፣ የዓመት መኖም በዚያው ያመልጠዋል።

የዘር ባንኮች ይሄን ልዩነት ችላ ማለት አይችሉም። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በሺዎች የሚቆጠሩ የመኖ ዕፅዋት ናሙናዎችን ያስቀምጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተኛ ዘር እንደ ሞተ ቢቆጠር ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል።

እናንተም ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። መቶ ዘር ቁጠሩና ለ24 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ያበጡት ዝግጅት አያስፈልጋቸውም። ብዙዎቹ እንደ ጠጠር ከቀሩ፣ ከሌላ ጥቂት ዘር ላይ ሙቅ ውሃውን ሞክሩ፤ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ የበቀለውን፣ የደረቀውንና የበሰበሰውን ለይታችሁ ቁጠሩ። ዘሩ ጥቂት ከሆነ በጥፍር መቁረጫ ከእምብርቱ በተቃራኒ በኩል ሽፋኑን ብቻ ጫር ማድረግም ይበቃል። ሰልፈሪክ አሲድ ግን የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት! ናይትሮጅን እንዲሰበስቡ ዘሩ ላይ የሚቀቡ ባክቴሪያዎች ካሏችሁ፣ የምትቀቡት ዘሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ሙቀት እነሱንም ይገድላቸዋል።

ምክሩን ለማሻሻል መጽሐፍ መጻፍ አያስፈልግም። ሦስት ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል፦ ሙቅ ውሃ የሚያስፈልገው ሽፋኑን ለመሰንጠቅ ነው። ሁሉም ዘር አይፈልገውም። ከመዝራታችሁ በፊት በጥቂት ዘር ሞክሩ።