እጅ የሚቆምበት መስመር

አዲስ አበባ ውስጥ «ማኪያቶ፣ ጠቆር ይበል» ብሎ ያዘዘ ሰው የጥቁረቱን ልክ ለቀጂው ግምት ትቶታል። በደቡብ ስፔን በምትገኘው የወደብ ከተማ በማላጋ ግን ጥቁረት በየደረጃው ስም አለው።

ስሞቹ የወጡት በካፌ ሴንትራል ነው። ካፌው የነበረው በከተማዋ እምብርት፣ በሕገ መንግሥት አደባባይ ሲሆን ባለቤቱ ሆሴ ፕራዶ ክሬስፖ ይባል ነበር። እንደሚተረከው ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ቡና ብርቅ ሆኖ ነበር። ደንበኛው ሁሉ የየራሱ ልክ አለው፤ አንዱ «ወተቱን አብዛው»፣ ሌላው «ቡናውን ቀንሰው» ይላል። ያልጣመው ብርጭቆ ሲመለስ ቡናው ይባክናል። መፍትሔው ለየልኩ ስም ማውጣት ሆነ፤ ኋላም ዐሥር ብርጭቆዎች በሴራሚክ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«ሶሎ» ወተት የማያውቀው ነው። «ላርጎ» ወተት ጠብ ያለበት። «ሚታድ» ለእኛ ጆሮ ምጣድ ቢመስልም ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ከዚያ በታች ቡናው እየሳሳ ይሄዳል፤ «ኮርቶ»፣ ቀጥሎ «ሶምብራ» ማለትም ጥላ፣ በመጨረሻም «ኑቤ»፣ ደመና። ሚታድ ጠይም ነው፣ ኮርቶ ቀይ ዳማ፤ ኑቤ ላይ ሲደረስ ከወተቱ ንጣት በቀር የሚታየው የቡና ጭላንጭል ብቻ ነው።

የቀጂው ሙያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሶሎ ለመቅዳት ማሽኑ ብቻ ይበቃል። በኑቤ ግን ከዐሥር እጅ አንዱ ብቻ ቡና ነው፤ ጥቂት ካለፈ ሶምብራ ይሆናል። በስፔን ለረጅም ዘመን የተለመደው ደግሞ ስኳር ተጨምሮበት የሚቆላ፣ «ቶሬፋክቶ» የሚሉት ቡና ነው፤ በጣም ስለሚጠቁር ጥቂቱም ወተቱን ፈጥኖ ያቀልመዋል። ቀጂው መስፈሪያ አያነሣም። ዓይኑ ብርጭቆው ላይ ነው፤ ቡናውን በልኩ ያቆማል፣ ትኩስ ወተቱን ያንቆረቁራል፣ ብርጭቆውን በትንሽ ሳህን አድርጎ ያቀርባል። የማላጋ ሰዎች «ፒቱፎ» ከሚሉት፣ የወይራ ዘይትና ቲማቲም ከገባበት ትንሽ ዳቦ ጋር ቁርስ ደረሰ ማለት ነው።

ዕቃው ብርጭቆ መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። ሲኒ ሆዱን ይደብቃል፤ ብርጭቆ ግን ይመሰክራል። ደንበኛው ከመቅመሱ በፊት ቀለሙን አይቶ ይፈርዳል፤ ኮርቶ አዝዞ ሚታድ የመጣለት ሰው የሚከራከረው ስለ ጣዕም ሳይሆን ዓይኑ ስላየው ነገር ነው።

ካፌ ሴንትራል እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ። ስሞቹ ግን ግድግዳው ላይ አልቀሩም። ማላጋ ውስጥ በሌላ ካፌ ኑቤ ያዘዘ ሰው ዛሬም ኑቤውን ያገኛል፤ ልኩ ከሥዕሉ ወደ እጆች ከተላለፈ ቆይቷል።

ዐሥረኛው ሥዕል «ኖ ሜ ሎ ፖንጋ» ይላል፤ በአንቱታ «አይቅዱልኝ» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ቀልድ ነው። ዘጠኙን አንድ በአንድ አይቶ ለተመለሰበት ግን የሙያው መጨረሻ ይመስላል። ዘጠኙ እጅ የት መቆም እንዳለበት ያሳያሉ፤ ዐሥረኛው ሳይጀምር የቆመው እጅ ነው። እሱም ስም ወጥቶለት፣ ባዶ ብርጭቆውን ይዞ ከሌሎቹ እኩል ተሰልፏል።