መንስኤን የሚመዘግብ ኤፒአይ፦ ሰነዱ በምን ይመዘናል?

የኤፒአይ (ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት መገናኛ) ሰነድ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ገጽታውን ነው። መፈለጊያው ይሠራል ወይ? ጥሪዎቹ ሁሉ ተዘርዝረዋል ወይ? የፓይተንና የጃቫስክሪፕት ምሳሌ አለው ወይ? የአየር ጠባይ ወይም የምንዛሪ ተመን ለሚያቀብል ኤፒአይ ይህ መመዘኛ ሊበቃ ይችላል። በግንባታ ቦታ የደረሰን አደጋ መንስኤ ለሚመዘግብ ኤፒአይ ግን አይበቃም። ሃያ ዲግሪ ሴልሺየስ ማንንም አያከራክርም፤ ሠራተኛው ለምን እንደወደቀ ግን ፎርማኑን፣ መሐንዲሱንና የደህንነት ባለሙያውን ሲያከራክር ይውላል። ስለዚህ ከሁሉ የማስቀድመው አንድ መመዘኛ አለ፦ የማይተዋወቁ ሁለት ባለሙያዎች ሰነዱን ብቻ ይዘው አንድን አደጋ ቢመዘግቡ፣ መዝገቦቻቸው ይገናኛሉ ወይ?

መመዘኛውን በታወቀ አደጋ እንፈትነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ የአራተኛውንና የሁለተኛውን ፎቅ መተላለፊያዎች የሚይዘው ከጣሪያ የሚወርድ ወጥ የብረት ዘንግ ነበር። ኋላ ግን ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ የታችኛው መተላለፊያ በላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ፤ በአራተኛው ፎቅ መጋጠሚያ ላይ ያረፈው ጭነትም እጥፍ ሆነ። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ደግሞ የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማውን የሕንፃ ደንብ እንደማያሟላ ደረሰበት። ታዲያ «መንስኤ» በሚለው መስክ ምን ይጻፍ? አንዱ «መጋጠሚያው ደካማ ነበር» ይላል፣ ሌላው «ለውጡ ሳይሰላ ጸደቀ»፣ ሦስተኛው «ንድፉ ከመነሻው ጎደሎ ነበር»። ሦስቱም እውነት ነው። መስኩ አንድ መንስኤ ብቻ ይቀበል ወይም ብዙ፣ የተጻፉበት ቅደም ተከተል ክብደታቸውን ያሳይ ወይም አያሳይ ሰነዱ ካልነገረን፣ ያው አደጋ በሦስት ድርጅቶች ሦስት የተለያዩ አደጋዎች ሆኖ ይቀመጣል።

በግንባታ አስተዳደር ሶፍትዌር የታወቀው ፕሮኮር በኤፒአዩ ውስጥ አደጋ አምጪውን ነገር፣ አስተዋጽኦ ያደረገውን ሁኔታና አስተዋጽኦ ያደረገውን ድርጊት ለየብቻ ያስቀምጣል። ክፍፍሉ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሆኖም የመስክ ስም ብቻውን ድንበር አያሰምርም። መከላከያ አጥር የሌለው የወለል ጠርዝ ሁኔታ ነው። አጥሩን ዕቃ ለማሳለፍ አንሥቶ ሳይመልስ መሄድ ድርጊት ነው። ሠራተኛው በዚያው ጠርዝ በኩል ቢወድቅ የትኛው ይመዘገባል? ጥሩ ሰነድ እንዲህ ያለውን አወዛጋቢ ጉዳይ መርጦ «ሁለቱንም መዝግብ» ወይም «ይህን አስቀድም» ብሎ በግልጽ ይወስናል። ደካማ ሰነድ ግን «የድርጊት መለያ ቁጥር፦ የድርጊቱ መለያ ቁጥር» ብሎ ስሙን መልሶ ይነግረናል። ከኮድ በራስ-ሰር የወጣ ሰነድ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ሰበቡ የመሣሪያ እጥረት አይደለም፤ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኦፕንኤፒአይ የተባለው ደረጃ ለእያንዳንዱ መስክ ማብራሪያና ምሳሌ መጻፊያ ቦታ አዘጋጅቷል። የጎደለው ጸሐፊ ነው።

ሁለተኛው የብቃት ምልክት ሰነዱ ያልታወቀን ነገር እንዴት እንደሚይዝ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር ደንብ መሠረት አሠሪ የሞት አደጋን በ8 ሰዓት፣ ሆስፒታል ያስተኛን ጉዳት ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ምርመራው ግን ሳምንታትና ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ በአብዛኛው የሚጻፈው መንስኤው ሳይታወቅ ነው። ባዶ ዝርዝር መላክ «መንስኤው ገና አልተጣራም» ማለት ነው ወይስ «ተጣርቶ አስተዋጽኦ ያደረገ ድርጊት አልተገኘም»? ኋላ አዲስ መንስኤ ሲላክ ከቀድሞው ጋር ይደመራል ወይስ የቀድሞውን ያጠፋል? አንድ የመንስኤ አማራጭ ከድርጅቱ ዝርዝር ሲሰረዝ በእሱ የተመዘገቡት የአምናዎቹ አደጋዎች ምን ይሆናሉ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሰነድ የቱንም ያህል ቢያምር አይታመንም።

ከዚህ በኋላ ሥራው በሚከናወንበት ቦታ የሚያጋጥመውን ማሰብ ይመጣል። ሳይት ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ መልስ ያላገኘ ስልክ ያንኑ መዝገብ ደግሞ ይልካል። ሰነዱ ድግግሞሽ እንዴት እንደሚለይ ካልገለጸ አንድ ስብራት ሁለት ተጎጂ ሆኖ ይቆጠራል። የሰዓት ጉዳይም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የተባለው በአይኤስኦ 8601 አጻጻፍ 08:00 ሆኖ +03:00 ይከተለዋል። ሰነዱ የሰዓት ቀጠናውን ልዩነት መጻፍ ግዴታ መሆኑን ካልተናገረና በምሳሌ ካላሳየ፣ ጠዋት ሥራ ሲጀመር የደረሰ አደጋ በሌሊት የደረሰ ሊመስል ይችላል፤ መርማሪውም ያልነበረ የጨለማ ችግር ፍለጋ ይሄዳል። የስሕተት መልእክትም እንደ «422» ያለ የስሕተት ኮድ ብቻ ሰጥቶ ማቆም የለበትም፤ የትኛው መስክ፣ ለምን ውድቅ እንደሆነና በምን እንደሚታረም መናገር አለበት።

«የመንስኤ ትርጉም የደህንነት ባለሙያው ሥራ ነው፤ ዝርዝሩንም እያንዳንዱ ድርጅት ለራሱ ያወጣዋል፤ የሶፍትዌር ሰነድ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ድርጅቱ ዝርዝሩን መቀየር መቻሉ የሰነዱን ኃላፊነት ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ምን ቋሚ እንደሆነና ምን ለተጠቃሚው እንደተተወ መለየት የሰነዱ ድርሻ ነው። ሌሎች «ረጅም ሰነድ ማንም አያነብም» ይላሉ። እውነት ነው፤ የተጠየቀው ግን ርዝመት አይደለም፤ ከመስኩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ቁርጥ ያለች ዓረፍተ ነገር ከአሥር ገጽ መግቢያ ትበልጣለች። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «መንስኤ ፍርድ ነው፤ ሁለት ሰዎች በፍርድ ሊለያዩ ይችላሉ» የሚለው ነው። ይህን እቀበላለሁ፤ መመዘኛዬንም በእርሱ አጠብቃለሁ። መዝገቦቹ በፍርድ ቢለያዩ ሰነዱ አይወቀስም። በመስክ አመራረጥ፣ በሰዓት፣ በባዶ ቦታ ትርጉም ከተለያዩ ግን ጥፋቱ የሰነዱ ነው። ጥሩ ሰነድ የታየውን ከተፈረደው ለይቶ ያስመዘግባል፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንደፈረደም ያስቀምጣል።

እንግዲህ መሣሪያውን ልትገዙ ወይም ከራሳችሁ ሥርዓት ጋር ልታገናኙ ስታስቡ ፈተናውን ከውል በፊት አድርጉት። ምርመራው የተጠናቀቀ አንድ አደጋ ምረጡ፤ ለሁለት ሰዎች ከሰነዱ ጋር ስጡ፤ እንዳይመካከሩ አድርጉ፤ ከዚያ የላኩትን መስክ በመስክ አነጻጽሩ። ልዩነቱ ፍርድ ላይ ብቻ ከሆነ ሰነዱ አልፏል። ከዚያ ውጭ የተለያዩባቸውን መስኮች ዘርዝራችሁ አቅራቢው በጽሑፍ እንዲያብራራ ጠይቁ፤ የአንድ ዓመት መዝገብ ከተከማቸ በኋላ የሚጻፍ ማብራሪያ ያለፈውን አያስተካክልምና።