የተቀዳ ድምፅ፣ ያልተነበበ ውል፦ አካል ጉዳተኛ ከያኒና የቅጂ መብት በኢታንግ

በጋምቤላዋ ኢታንግ ዘፈን ከወረቀት ይልቅ በአፍ ይኖራል። በባሮ ወንዝ ዳር ባሉት የኑዌርና የአኙዋ ማኅበረሰቦች ግጥሙን የሚገጥመውም የሚዘፍነውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የኑዌር ወጣት ለበሬው የሚደረድረውን ውዳሴ የአንትሮፖሎጂስቱ የኢቫንስ ፕሪቻርድ ጥናቶች ለውጭው አንባቢ ካስተዋወቁት ቆይቷል። ይህ ጥበብ ፊደል ስለማይጠይቅ ማየት የተሳነው ሰው ከማንም እኩል ይቆምበታል። እኩልነቱ የሚፈተነው ድምፁ ከመንደሩ ሲወጣ ነው። ማየት የተሳናት አንዲት ዘፋኝ የገጠመችው ዘፈን በሰው ስልክ ተቀድቶ ለገበያ ቢቀርብ ሕጋችን ምን ያደርግላታል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ የሚጠብቀው ወጥ ሲሆንና ግዘፍ ሲያገኝ ነው። በቃል ብቻ ያለ ዘፈን ሁለተኛውን መስፈርት አያሟላም። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው «ሕጉ የቃል ከያኒን አያውቅም» ይላሉ፤ ይህ ግን ችኩል ድምዳሜ ይመስለኛል። አዋጁ ለከዋኝም መብት ሰጥቷል፤ ገና ያልተቀዳ ክዋኔ ያለ ከዋኙ ፈቃድ እንዳይቀዳ ይከለክላል። ድምፁ በተቀዳበት ቅጽበት ደግሞ ዘፋኟ የሥራው አመንጪ ትሆናለች፤ መብቱም ዕድሜዋን ሙሉና ከሞተች በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። መብቱ አለ፤ ጎዶሎው መብቱ ከእጇ የሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

አዋጁ የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ውል እንዲሆን ይጠይቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728(3) በበኩሉ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ከለላ ነው። ዘፋኟን ባላነበበችው ወረቀት ያስፈረመ ነጋዴ በእጁ የያዘው ደካማ ሰነድ ስለሆነ፣ ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ውሉን ሊያስጥለው ይችላል። ነገር ግን ከለላው ሌላ በር ይዘጋል። ማረጋገጫ ፍለጋ መንከራተት የማይፈልግ አዘጋጅ ማየት ከሚችል ወንድሟ ወይም ከቡድኑ አለቃ ጋር መዋዋልን ይመርጣል፤ ያኔ ስሟም ክፍያዋም በሌላ ሰው በኩል ያልፋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው፣ ችሎታቸውን ለመጠቀም የሚያሻቸው ድጋፍም እንዲቀርብላቸው ያዛል። ለዚህ እኩልነት ሲባል አንቀጽ 1728(3)ን መሰረዝ ግን ዘፋኟን ያለ ጋሻ ማስቀረት ነው። የሚበጀው የማረጋገጡን ድካምና ወጪ በቀጂው ላይ መጣል፣ ውሉ በኑዌርኛ ወይም በአኙዋ ቋንቋ እንዲነበብላትና ንባቡም ተቀድቶ ከሰነዱ ጋር እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ድምፅ ለመቅዳት ኢታንግ ድረስ የመጣ ሰው የውሉንም ንባብ መቅዳት አያቅተውም!

በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ አካል ጉዳትና ቅጂ መብት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የማራካሽ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርሞ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀላቀለችው። ስምምነቱ መጻሕፍትን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ወደ ብሬልና ወደ ድምፅ ለመቀየር፣ ቅጂዎቹንም ከአገር አገር ለመለዋወጥ ይፈቅዳል። ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም። አዋጅ 410 ለግል ጥቅም፣ ለጥቅስ፣ ለማስተማርና ለቤተ መጻሕፍት በሩን ሲከፍት ብሬልን በስም አልጠራም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ቢሆንም፣ የጋምቤላ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ዝርዝር መመሪያ ሳይኖረው መጽሐፍ ቀይሮ ለማባዛት ይደፍራል ብዬ አላምንም።

ይሁንና ማራካሽ አካል ጉዳተኛውን የሚያየው በአንባቢነቱ ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ተሪስ ስቮቦዳ የኑዌር ዘፈኖችን ተርጉማ እ.ኤ.አ. በ1985 በመጽሐፍ አሳትማለች፤ ያንን መጽሐፍ ወደ ብሬል መቀየር በማራካሽ መንፈስ ይፈቀዳል። ማየት የተሳነው የኑዌር ገጣሚ ስለ ራሱ ዘፈን ሲጠይቅ ግን ስምምነቱ ዝም ይላል። ፊልም በወሰኑ ውስጥ ስለሌለ መስማት የተሳናቸው ከያንያንም በምልክት ቋንቋ ለሚሠሩት ትርኢት ከዚያ የሚያገኙት የለም። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 30 ከዚህ ይሰፋል፤ የቅጂ ሕግ አግባብ የሌለው መሰናክል እንዳይሆን ከመጠየቁም በላይ አካል ጉዳተኞች የፈጠራ አቅማቸውን ለራሳቸውም ለኅብረተሰቡም ብልጽግና እንዲያውሉ መንግሥታትን ያስገድዳል። በእኛ አገር ክርክር ውስጥ ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙም ሲጠቀስ አልሰማም፤ ያሳዝነኛል።

ኢታንግ አካባቢ ጥያቄው የዜጎች ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኩሌና በቲርኪዲ መጠለያዎች የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ይኖራሉ፤ ከእነሱም መካከል አካል ጉዳት ያለባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 14 ስደተኛ በሚኖርበት አገር የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራው እንደ ዜጋ ሥራ እንዲጠበቅለት ያዛል። ስለዚህ በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 መሠረት የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡት የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የአባልነት ቅጻቸውን በድምፅና በአካባቢው ቋንቋዎች ማዘጋጀት፣ በሚቀበሏቸው መታወቂያዎች ዝርዝር ውስጥም የስደተኛ መታወቂያን ማካተት ይኖርባቸዋል።