እንቅርትና የአመጋገብ ምክር፦ ጎመን ምን አጠፋ?

እንቅርት ይዞት ለሚመጣ ሕመምተኛ ከሚሰጡ ምክሮች አንዱ «ጎመን አትብላ» የሚለው ነው፡፡ ምክሩ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም፡፡ በጎመን ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች የታይሮይድ ዕጢ አዮዲንን እንዳይጠቀም ያውካሉ፡፡ ይሁን እንጂ ጉዳታቸው የሚጎላው አስቀድሞ የአዮዲን እጥረት ባለበት ነው፤ ጎመኑ ሲበስልም ይቀንሳል፡፡ በላስታ ደጋ በክረምት ጎተራ ሲጎድል ጎመን የድኻው መሸጋገሪያ ነው፡፡ እርሱን መከልከል የሕመሙን ምክንያት ሳይነኩ ማዕዱን ማራቆት ይሆናል፡፡

ምክንያቱ ያለው በአፈሩ ነው፡፡ ለዘመናት በዝናብ በታጠበ ተራራማ መሬት የሚበቅል ገብስም ሆነ ባቄላ የሚይዘው አዮዲን አነስተኛ ነው፡፡ ስለዚህ ለላሊበላና ለአካባቢዋ ነዋሪ አስተማማኙ ምንጭ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው፡፡ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፡፡ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጨዋቸው ከተመረመረ ቤተሰቦች መካከል አዮዲን የተገኘባቸው በ2011 15 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 89 ከመቶ ያህል ነበሩ፡፡ ለውጡ ታላቅ ቢሆንም አዮዲን መገኘቱ ብቻ በቂ መሆኑን አያረጋግጥም፤ በአንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም ሊኖር ይገባልና፡፡ አሞሌ አዮዲን አይጨመርበትም፡፡ የተጨመረበትም በክፍት ጆንያ ለፀሐይና ለእርጥበት ሲጋለጥ፣ ከወጥ ጋርም ረጅም ጊዜ ሲፈላ አዮዲኑን ያጣል፡፡ እንግዲህ ከጎመኑ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጨው ከየት እንደሚገዛ፣ በምን እንደሚቀመጥና ወጡ ላይ መቼ እንደሚጨመር ነው፡፡

በአንጻሩ ጨውን የቆየ እንቅርት ማዳኛ አድርጎ ማቅረብም ስሕተት ነው፡፡ ጓጉሎ የከረመ እንቅርት በጨው አይጠፋም፡፡ አንዳንዱም አዮዲን ሲያገኝ ከልክ በላይ ሆርሞን ሊያመነጭ ስለሚችል የልብ ትርታ መፍጠን፣ መክሳትና የእጅ መንቀጥቀጥ ሊከተሉ ይችላሉ፡፡ ይህ ግን ኅብረተሰቡን ጨው ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፡፡ የሚያስፈልገው የቲ.ኤስ.ኤች. ምርመራ ነው፤ ምርመራው በሌለበት ጤና ጣቢያ ሕመምተኛውን ወደሚገኝበት መላክ ይገባል፡፡

ሆርሞኑ አንሶ ሌቮታይሮክሲን ለታዘዘለት ደግሞ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል፡፡ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ ከምግብና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይወሰዳል፡፡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ሊተኛ ሲል መውሰድ ይቻላል፡፡ ይህንን ያልነገረ ሐኪም ጾመኛውን ከጾሙና ከመድኃኒቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ የሚቀረውም ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ነው፡፡