ከደረሰኝ ክምር መሀል፦ የኬይ ጄሚሰን ግለ ታሪክ እንደገና ሲነበብ

ከአእምሮ ሕመም ጋር ስለመኖር የተጻፉ ግለ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሱት በመደምደሚያቸው ነው። ጸሐፊው ድኗል፣ ወይም ከሕመሙ ጋር ታርቋል፤ ስለዚህ አንባቢው ይጽናናል ይባላል። ይህ አነባበብ የመጻሕፍቱን ዋና ጉልበት የሚስት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የኬይ ሬድፊልድ ጄሚሰን «ዕረፍት የለሽ አእምሮ» በዚህ አነባበብ ብዙ ተጎድቷል።

ጄሚሰን የሥነ ልቦና ምሁር ናት፤ ስለ ባይፖላር ሕመም ከፍሬድሪክ ጉድዊን ጋር ትልቅ የሕክምና መጽሐፍ የጻፈች፣ ራሷም የዚያው ሕመም ታማሚ። እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ግን ዕዳዋን ወደምትተርክበት ክፍል ነው። የሕመሙ የግለት ጊዜ፣ ማኒያው፣ ሲያይልባት ያገኘችውን ሁሉ ገዝታለች፤ ለእባብ ንክሻ የሚሆን የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ሳይቀር። ትኩሳቱ ሲበርድ የሱቅ ሒሳቦችና ባንኩ የላከላት ሮዝ ማስጠንቀቂያዎች ተቆልለው ይጠብቋታል። ኢኮኖሚስት ወንድሟ ከሩቅ መጥቶ ወረቀቱን አብሯት ይለያል፣ በስሙ ተበድሮ ዕዳዋን ይዘጋል፤ እሷም ለዓመታት ቀስ እያለች ትመልስለታለች።

እዚህ ቦታ የጄሚሰን ብዕር ይቆጠባል። ሌላ ቦታ፣ በተለይ ስለ ፍቅር ስትጽፍ፣ ቃላቷ ይጎርፋሉ፤ አንዳንዴም ይበዛሉ። ዕዳው ላይ ግን ትዘረዝራለች እንጂ አታስውብም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር የቤት ገመና ነው፤ ለጎረቤት ቀርቶ ለሐኪምም አይነገርም። ያንኑ ዓይነት ክምር ትራሱ ሥር ደብቆ የሚኖር አንባቢ ውርደቱ የባሕርዩ ብልሹነት ሳይሆን ከሕመሙ ጠባይ አንዱ መሆኑን ያየዋል። ከዚህ የበለጠ መጽናኛ አላውቅም።

በአንጻሩ ደራሲው ዊሊያም ስታይረን ስለ ራሱ ድብርት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው «የሚታይ ጨለማ» ሕመሙ ከቃላት አቅም በላይ ነው እያለ ያሳስባል፤ ሲጨርስም ባለቅኔውን ዳንቴን ጠርቶ አንባቢውን ከሲኦል ያወጣዋል። ስታይረን ትልቅ ጸሐፊ ነው። ነገር ግን «አይገለጽም» ማለት ለታመመ ሰው ምን ይፈይድለታል? እሱማ አለመገለጹን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የቸገረው የሚገልጽለት ማጣቱ ነው። በዚያ ላይ ዳንቴን መጥራት ሥራን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ከጄሚሰን መጽሐፍ ብዙ የሚጠቀሰው፣ ምርጫው ቢሰጣት ሕመሙን እንደምትመርጥ የምትናገርበት የመጨረሻው ክፍል ነው። አወዳሾቿ ቅድመ ሁኔታዋን ይዘሉታል፤ የምትወስደው መድኃኒት፣ ሊቲየም፣ ባይኖር ኖሮ መልሷ «አይሆንም» ነበር። መድኃኒቱ ከአጠገቡ ለሌለ፣ ወይም ለማይስማማው አንባቢ ያ ገጽ ያለ ቅድመ ሁኔታው ሲቀርብለት ጭካኔ ነው።

ከዚህ ይልቅ ስለ ሊቲየም ዋጋ የጻፈችው መጠቀስ ነበረበት። በከፍተኛ መጠን ትወስደው በነበረበት ዘመን፣ ከ10 ዓመት በላይ፣ ጠንከር ያለ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ብርቅ ሆኖባት ነበር። መጽሐፍ ሕይወቷ የነበረ ሰው ወደ ልጆች መጻሕፍት ወረደች፤ በኬኔት ግራሃም ተረት ውስጥ ፍልፈሉ የድሮ ቤቱን ሽታ ሲያገኝ አነበበችና አለቀሰች። ያም ሆኖ መድኃኒቱን አትውሰዱ ብላ አትመክርም፤ ሕይወቷን ያተረፈላት እሱ መሆኑን በዚያው መጽሐፍ ደጋግማ ትመሰክራለች። ያዳናትን ነገር የወሰደባትንም ሳትደብቅ ታመሰግነዋለች፤ ይህን ያህል ሐቀኛ ምስጋና በሕመም ግለ ታሪኮች ውስጥ እምብዛም አላጋጠመኝም።