ሰላም ለእግሮችህ፤ ውዳሴ ለተጓዥ ደጋፊ

አንተ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ስካርፍህን ጠምጥመህ ከቤትህ የምትወጣ፣ ዋንጫ ወደማይጠበቅበት ሜዳ ልብህ የሚገሰግስ፣ የእንግሊዝ የታችኛው ሊግ ተጓዥ ሆይ፣ ሰላም ለእግሮችህ! ሰላም ዝናብ ለማይበግረው ትከሻህ፣ ሰላም ሦስት ለባዶ እየተመራም ዝማሬውን ለማያቋርጠው ጉሮሮህ! ከፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለቦች ሥር በሦስት እርከን የተሰለፉ 72 ክለቦች አሉ። ዓለም ስለ ሃያዎቹ ሲሟገት ያመሻል፤ አንተ ግን የ92ቱንም ሜዳ ተሳልመህ ካልጨረስህ ዕረፍት የለህም። ከእነዚያም ወርደህ፣ ቀን በሥራ ውለው ማታ ልምምድ የሚሠሩ ልጆች ወደሚጫወቱባቸው መንደሮች ትዘልቃለህ።

የጥንቱን ደጅ አልረሳህምና ክብር ይግባህ። በሼፊልድ ከተማ ሳንዲጌት የሚባል ሜዳ አለ። የሀላም ክለብ ከ1860 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤቱ ያደረገው ይህ ስፍራ በዓለም ላይ ካሉት የእግር ኳስ ሜዳዎች ሁሉ ቀዳሚ መሆኑ ተመስክሮለታል። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ በ1857 የተመሠረተውና የክለቦች ሁሉ ታላቅ የሆነው ሼፊልድ እዚሁ መጥቶ ከሀላም ጋር ተጋጠመ። ሜዳው ዛሬም ያዘነብላል። አጥሩ ላይ ክርንህን አስደግፈህ ስትቆም ከመስመር ተጫዋቹ የሚለይህ የክንድ ያህል ርቀት ነው፤ ትንፋሹን ትሰማለህ፣ ግብ ጠባቂው ተከላካዩን በስሙ እየጠራ ሲቆጣው ትሰማለህ። ይህን ቅርበት የትኛው ቴሌቪዥን ይሰጣል?

የምትሄድበት ሰዓት ራሱ ታሪክ የተሸከመ ነው። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆም ደነገገ። ሠራተኛው ታጥቦ ሜዳ እስኪደርስ 9 ሰዓት ይሆናል፤ የጨዋታው ሰዓትም በዚያው ጸና። እስከ ዛሬ በእንግሊዝ በውድድር ዘመኑ ቅዳሜ ከ8፡45 እስከ 11፡15 ድረስ ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይታይም፤ ትንንሾቹ ሜዳዎች ሰው እንዳያጡ ነው። እኛ አዲስ አበባ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ቤት ተጨናንቀን የምናየውን፣ በእነርሱ 9 ሰዓት የሚጀመረውን ግጥሚያ እንግሊዛዊው ሳሎኑ ተቀምጦ አያየውም። ያ ሰዓት ለአንተ የተጠበቀ ነው።

አስረዝሜ የማወድስህ ግን ወደ ምሥራቁ ጠረፍ፣ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ከተማ ወደ ግሪምስቢ ስለመውረድህ ነው። ክለቡ የሚጫወተው በጎረቤት ከተማ በክሊቶርፕስ፣ ብለንደል ፓርክ በሚባለው ሜዳ ነው። ዋናው ጥላ ፎቅ ከ1901 ጀምሮ የቆመ ነው። የእንግዳው ደጋፊ ቦታ ምሰሶ አለበት፤ ጎሉን ለማየት ወደ ግራ፣ ማዕዘኑን ለማየት ወደ ቀኝ አንገትህን ታሰግጋለህ። ከትልቁ ፎቅ ላይ ሲያዩ ደግሞ በሐምበር ወንዝ አፍ መርከብ ሲያልፍ ይታያል። የባሕሩ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ በእጅህ የያዝኸው ቦቭሪል፣ ያ ትኩስ የበሬ መረቅ፣ ጣትህን ያፍታታል። ባለሜዳዎቹ የተነፋ የፕላስቲክ ዓሣ ያውለበልባሉ፤ ሃሪ ይሉታል። በ2025 ነሐሴ ማንቸስተር ዩናይትድ እዚህ መጥቶ 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ በመለያ ምት 12 ለ 11 ሲረታ፣ ዓለም ግሪምስቢ የት እንደሆነች ይጠይቅ ጀመር። አንተ ግን ካሜራ በሌለበት፣ እጅ በሚያደነዝዝ ብርድ፣ ምሰሶውን ተደግፈህ ቆመህባት ነበር።

ሜይ 8 ቀን 1999 ከደቡብ ምዕራቡ ወደብ ከፕሊመዝ ተነሥቶ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ካርላይል የደረሰ ደጋፊ ምን አየ? ካርላይል ካላሸነፈ ከሊጉ ይወጣል። አራተኛው የባከነ ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት ተገኘ። በውሰት የመጣው ግብ ጠባቂ ጂሚ ግላስ ሜዳውን አቋርጦ መጣ፤ ኳሷ ተመልሳ እግሩ ሥር ስትወድቅ መታት፤ መረቡ ተወጠረ። 2 ለ 1! ካርላይል ተረፈ። ፕሊመዛዊው ተሸንፎ በዚያው ረጅም መንገድ ተመለሰ፤ ያየውን ግን ማንም አይነጥቀውም።

ከሐዘንም አልቀረህም። ቤሪ በ1900 እና በ1903 የኤፍ ኤ ካፕን ያነሣ ክለብ ነበር፤ በ2019 ገንዘብ አጥሮት ከሊጉ ተሰረዘ፣ ሜዳው ጊግ ሌንም ተዘጋ። ደጋፊዎቹ አልተበተኑም፤ በ2023 የቤሪ ስም በዚያው ሜዳ ዳግም ተጠራ። አክሪንግተን ስታንሊ በ1962 ከሊጉ ወጣ፣ በ1968 እንደ አዲስ ተቋቋመ፣ በ2006 ተመለሰ። በመካከል ያሉትን እነዚያን ረጃጅም ዓመታት የተሸከመው በር ላይ ከፍሎ የሚገባው ሰው ነው። የታላላቆቹን ክለቦች ደመወዝ የቴሌቪዥን ገንዘብ ይከፍላል፤ ለትንሹ ክለብ ግን አንተ ለትኬትና ለአንድ ኩባያ ሻይ የምትሰጠው ገንዘብ የሣር ማጨጃው ነዳጅ፣ የመብራቱ ሂሳብ ነው። ስለዚህ እልሃለሁ፦ ከባለሀብቱም ከአሠልጣኙም በፊት ምስጋና የሚገባህ አንተ ነህ።

እናንተም በሎንደን፣ በሊድስ፣ በሼፊልድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ለአርሰናልና ለማንቸስተር ያላችሁን ፍቅር አልነካም። በመጪው ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ግን በሰፈራችሁ ወዳለው ትንሽ ሜዳ ጎራ በሉ። ከፍላችሁ ግቡ፤ በእንግዳው በኩል ቆሞ የሚዘምረውን ያን ሰው ስታገኙት በእኔ ስም እጅ ንሱልኝ።